ተሸካሚ የሚጠራ ጥይት

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከዶርማችን ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ላይ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አልጋ ሥር ገቡ። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ከአንኮበር በታች፣ ቤቶቹ ገደሉን ተከትለው ተራርቀው በተሠሩበት መንደር ነው። በልጅነቴ ጥይት ሲተኮስ ማንም አይደነግጥም ነበር። የአባቴ የወንፈል ጓደኛ የነበረው ጎረቤታችን ከእርሻው ቀና ብሎ፣ "ድግስ ነው ወይስ ዝንጀሮ?" እያለ ያስቀን ነበር። የማይቀለድበት ተኩስ አንድ ብቻ ነበር። አንድ ጥይት ተተኩሶ፣ ቆየት ብሎ ሌላ ከተደገመ፣ የታመመ ሰው ወይም ምጥ የጠናባት ሴት አለች፤ ተሸካሚ ይምጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወንዶቹ በሬዎቻቸውን ከነቀንበራቸው ትተው ይሮጣሉ። ቃሬዛው ሽቅብ ጤና ጣቢያው እስኪደርስ ትከሻ ለትከሻ ይቀባበሉታል።

ኋላ ጊዜው ከፋ። አንድ ነጋዴ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ታገተ፤ ወሬው በየቤቱ ገባ። የምትታለብ ላሙን ሸጦ ክላሽ የገዛ ሁሉ ነበር። ጎረቤታችንም ገዛ፤ ለበሩም ወፍራም መቀርቀሪያ አሠራ።

"ወንድሜ፣ መሣሪያ ካለህ ለምን ትቀረቅራለህ?" አለው አባቴ።

"እነሱም አላቸዋ!" አለው። ሁለቱም ሳቁ።

በዚያው ክረምት እናቴን ምጥ ያዛት። ስልክ ከተቋረጠ ቆይቶ ነበር። ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ግቢያችንን ሸፍኖታል፤ እርጥብ ጭድ ይሸታል። የመንደሩ አዋላጅ ከጓዳ ወጥታ፣ "ደሙ አልቆመም። ሽቅብ ትውጣ" አለችው አባቴን። አባቴ ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርዶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ቆየት ብሎ ደገመ። ገደሉ ድምፁን መለሰው፤ የባሩዱ ሽታ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ግቢው ውስጥ ቀረ። ማንም አልመጣም። ከጎረቤታችን ቤት በኩል የሰማሁት፣ መቀርቀሪያው ሲገባ ነው።

"አልሰሙም" አለና አባቴ እንደገና ተኮሰ።

"ኧረ ተው፣ አንተ ሰውዬ!" አለች አዋላጇ። "ሽፍታ የመጣ መስሏቸው ነው የዘጉት። ልጅቱ ትሂድ፤ የልጅ ድምፅ አይፈሩም።"

ጭቃው እያንሸራተተኝ ሮጥኩ። የጎረቤታችንን በር በመዳፌ ደበደብኩት።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ! እማዬ ምጥ ጠንቶባታል! የሚሸከም ሰው..."

"ከኋላሽ ማን አለ? ማን አስገድዶሽ ነው?"

"ማንም የለም! ብቻዬን ነኝ!"

"እስቲ እናቴ ትሙት በይ።"

"እናቴ ትሙት!" አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ፊቴን ሲያይ ጠመንጃውን እዚያው ጥሎ ወጣ። በየደጁ ስማቸውን እየጠራ ሌሎቹንም አስወጣቸው። የቃሬዛውን የፊት ጫፍ የያዘው እሱ ነበር። እናቴ እጇን ከጋቢው ሥር አውጥታ፣ "ብርድ ነው፤ ነጠላሽን ደርቢ" አለችኝ። ዳገቱን ሳንጨርስ ተሸካሚዎቹ ቆሙ፤ ቃሬዛውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። እናቴ ያልተወለደውን ልጅ እንደያዘች ሄደች።

ቀብሯ ላይ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ዘቅዝቀው ያዙ፤ ማንም አልተኮሰም። ጎረቤታችን አባቴ እግር ላይ ወድቆ፣ "ያንተ ተኩስ መሆኑን ባውቅ..." ሲል፣ አባቴ በሁለት እጁ ደግፎ አነሣው።

"አንተ ምን ታደርግ? የተኮስከው አንተ ብትሆን፣ እኔም እዘጋ ነበር" አለው።

ለእኔ ግን ጎረቤታችን ስለዚያ ቀን ምንም ብሎኝ አያውቅም። ባየኝ ቁጥር ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ አባቴን "አንተ ተው" ብሎ ሻንጣዬን በትከሻው ተሸክሞ፣ ያንኑ ዳገት ወጥቶ መኪና ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ከዶርማችን በር ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁት። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ የተበጣጠሰውን ጎማ በእግሩ ይነካካል።

"ጎማ ነው። ውጡ" አልኳቸው ልጆቹን።

"እናቴ ትሙት በይ!" አለችኝ አንዷ ከአልጋው ሥር እየሳቀች።

አልማልኩም። ራሷ መጥታ እንድታይ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላት።