ሼህ ሰይድ የሰጡን ጎተራ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ታድሶ ለጎብኚዎች በተከፈተ አንድ አሮጌ ቤት አስጎብኚ ነኝ። በቅርቡ ከቀወት ገጠር አንድ ጥንታዊ ጎተራ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ።

አንድ ጠዋት ለጎብኚዎች ስለ ጎተራው ሳስረዳ፣ ጎተራውን የሰጡን ሽማግሌ ሼህ ሰይድ ማሽላ የጫነች አህያ እየነዱ ገቡ።

"ልጄ፣ ክፈቺልኝ፤ እህል ላስገባ" አሉኝ።

"ሼህ፣ ይሄ እኮ አሁን ለእይታ ብቻ ነው" አልኳቸው ደንግጬ።

"ስሰጣችሁ ባዶውን ይቁም አላልኩም።"

ጎተራውን ከፈትኩላቸው። ማሽላውን ዘርግፈው ሲጨርሱ፣ መቼ መጥተው እንደሚወስዱት ጠየቅኳቸው።

"እኔ አልወስደውም። አምና በድርቁ ዘር ያጡ ጎረቤቶቼ ከነገ ጀምሮ ይመጣሉ። አዝመራው ሲደርስ ኢንሻአላህ መልሰው ይሞሉታል። እስከዚያው አንቺ ትሰፍሪላቸዋለሽ" ብለውኝ ወጡ።