ጀርባችንን ያየ መስታወት

ኮልፌ ፌርማታ ላይ ታክሲው ተራ ሲጠብቅ፣ አንድ ልጅ በጀሪካን ውሃ ይዞ ይመጣና የፊት መስታወቱን ማጠብ ይጀምራል። እኔን ለእርጅናዬ ብለው ጋቢና ነው የሚያስቀምጡኝ። እርጥቡ ጨርቅ መስታወቱ ላይ ሲጥ ሲጥ ሲል እትዬ ሸምሲያ ይመጡብኛል።

እትዬ ሸምሲያ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከእኛ ጋር አንድ አጥር ነው የሚለየን። ቅቤውን በኮባ ቅጠል ሲጠቀልሉ ሽታው በአጥሩ ሾልኮ እኛ ቤት ይገባል፤ እናቴም፣ “ሳንገዛ ወጣችን ቅቤ ገባበት” ትላለች። ባላቸው ጋሽ ሱሩር እንጨት ቆራጭ ነበሩ። ከአስኮ ወዲያ ያለውን ጫካ እንደ ጓሯቸው ያውቁታል።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ የሶላቶ፣ የጣሊያን ወታደር፣ መኪና ይመላለሳል። መኪናው ራሱ ብዙም አላስፈራንም፤ ጭነት እንደሚሸከም አጋሰስ ቆጠርነው። የሚያስፈራን የፊቱ መስታወት ነበር። የሰው ፊት አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ከታየ መስታወቱ ይይዘዋል፣ መኪናውም አንድ ቀን ተመልሶ ባለቤቱን ይወስደዋል ይባላል። እርጉዝ ካየችው የልጇ ዓይን ብርጭቆ ይሆናል የሚሉም ነበሩ። ወሬውን ማን እንደጀመረው እንጃ። ተወስደው የቀሩት ሰዎች ግን እውነት ነበሩና ወሬውም እውነት መሰለን። እናም ጉርምርምታው ከሩቅ ሲሰማ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቆሞ ጀርባውን ያዞራል። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ዞር የሚባለው አቧራው ካለፈ በኋላ ነው።

ከመኪኖቹ አንዱ የግራ መብራቱ የጠፋ ስለነበር አንድ ዓይና እንለው ነበር። መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ፣ መሐሉ ላይ ብረት የቆመበት ነው።

አንድ ቀን እናቴና እትዬ ሸምሲያ ከገበያ ሲመለሱ፣ እኔም የእናቴን ቀሚስ ይዤ ስሄድ፣ አንድ ዓይና መጣ። ሁለቱም እንደ ልማዱ ዞሩ። እኔ በነጠላው ሥር አሾለቅኩ። ጋሽ ሱሩር ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። የባሕር ዛፉ ጥላ መስታወቱ ላይ እየሮጠ ፊታቸውን አንዴ ይሸፍነዋል፣ አንዴ ይገልጠዋል። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል።

“እማ፣ ጋሽ ሱሩር!” አልኩ።

“ዝም በል፣ ያይሃል” ብላ ጭንቅላቴን ጉያዋ ውስጥ ቀበረችው።

ሲዞሩ አቧራ ብቻ ነበር። ያየሁትን ደግሜ ስናገር እትዬ ሸምሲያ የቅቤ ቅላቸውን መሬት ጥለው መኪናውን ተከትለው ሮጡ። ጫካ አብረው የነበሩ ሰዎች፣ ሶላቶዎቹ መንገድ ያሳየን ብለው ጋሽ ሱሩርን እንደወሰዷቸው በኋላ ነገሩን። አንድ ዓይና ከቀናት በኋላ ተመልሶ አለፈ። ከሾፌሩ ጎን ማንም አልነበረም።

ጣሊያን ሊወጣ ሲል አንድ ዓይና የአስኮ ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ ቀረ። ሰፈሩ ተረባረበበት። ጎማው በርባሶ ጫማ ሆነ፤ የጎኑ ጣውላ የበር መዝጊያ ሆነ። መስታወቱን ግን የሚነካ ጠፋ። እትዬ ሸምሲያ ናቸው በጋቢ ጠቅልለው በአህያ ያመጡት። ወደ መንገዱ የሚያየውን የጭቃ ግድግዳ አስፈርሰው አስገጠሙት። ያውም ገልብጠው ነው፤ በጋቢናው ውስጥ የነበረው ገጽ ወደ ውጭ ዞረ። እሳቸው ቤታቸው ውስጥ ሲቀመጡ፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚመጣ መኪና እንደሚያይ ሰው ሆኑ።

“ጣሊያን ለቆ ሲሄድ እትዬ ሸምሲያ አስቀሩት” አለ ጎረቤታችን ሸማኔው።

እናቴ አልሳቀችም። “በግድግዳ ጂን ያስገባሉ እንዴ፣ እትዬ?” አለቻቸው።

“ሱሩር ሲሄድ ያየው ጀርባዬን ነው” አሉ። “አሁን ወደ ቤቱ ይይ። ፊቴን ይይ።”

የሾፌሩን በኩል ይጥፋ ብለው በአመድ እየፈተጉ ያጥቡታል። የጋሽ ሱሩርን በኩል አንድም ቀን አልነኩትም። ትንፋሹ ያረፈበት ነው፣ እሱ ታጥቦ ከሄደ ምን ይቀረኛል ይላሉ። ዝናብ ሲያስገመግም ከውጭ ሰሌን ያወርዱበታል። ቀን ቀን ቅቤያቸውን እየጠቀለሉ፣ ፊታቸውን ወደዚያ ወዳልታጠበው አቧራ ሰጥተው ይቀመጣሉ። መንገደኛው ደግሞ እዚያ ቤት ሲደርስ፣ መኪና እንደመጣበት ሁሉ ጀርባውን አዙሮ በጎን በጎን ያልፋል።

በአንድ የክረምት መግቢያ እትዬ ሸምሲያ ገበያ እንደሄዱ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ሰሌኑ ከላይ እንደተጠቀለለ ነው። የመጀመሪያው ጠብታ ደጁን ሲመታ እናቴ ብድግ አለች። የምንተኛበትን ሰሌን ከመሬት ስባ ወጣች። በዚያ መስታወት ፊት ቀና ብላ አልፋ የማታውቅ ሴት፣ ሰሌኑን በሁለት እጇ መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ ግንባሯን አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ዝናቡ ቀሚሷን ከገላዋ አጣበቀው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ተጠጋሁ።

“ጋሽ ሱሩር፣ ልጁ ነግሮኝ ነበር” ትላለች። “ልጁ ነግሮኝ ነበር።”

እትዬ ሸምሲያ በስብሰው ደረሱ። ሰሌኑን ከእናቴ አልተቀበሉም። አጠገቧ ቆመው ሌላውን ጫፍ ያዙ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ። ሲያነሱት አቧራው እንዳለ ነበር።

“አየሽው?” አሉ እትዬ ሸምሲያ።

“ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ እትዬ።”

“ግድ የለም። እሱ አይቶሻል።”

ከዚያ ወዲያ እናቴ ለምንም መኪና ጀርባዋን አላዞረችም። ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ፣ እስኪያልፍ ቆማ ታየዋለች።

እትዬ ሸምሲያም፣ እናቴም አለፉ። ቤቱ መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፤ መስታወቱ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። ዛሬ ጋቢና ተቀምጬ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ፊት አያለሁ። ጀርባውን የሚያዞር የለም።

ልጁ የሾፌሩን በኩል ጨርሶ ጨርቁን ወደ እኔ ሲያመጣ እጄን አነሳለሁ።

“ይኼኛውን ተወው፣ የኔ ልጅ።”

“አቧራ ነው እኮ፣ አባባ።”

“አውቃለሁ” እለዋለሁ።