የተኙት የጠሃ ወፎች

አዳማ ውስጥ አንድ ዘበኛ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ ከታየ «ይኼ ደግሞ የጠሃ ወፍ ሆነ» ይባላል። አባባሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከፊት የሚሄደውን ባጃጅ ጀርባ ማየት ይበቃል። እዚያ ላይ በቀለም የተሳለች እርግብ አለች፤ ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ቀብራ ተኝታለች። ሰዓሊው ጠሃ ነው። ማስታወቂያ ይጽፋል፣ የባጃጅና የሚኒባስ ጀርባ ያስጌጣል፣ የቁርስ ቤት ግድግዳ ይስላል፤ ወፍ ሲስል ግን ሁሌም የተኛ ነው። አንድ የሰፈር የኳስ ቡድን ባነሩ ላይ ንስር እንዲስልለት አዝዞ የተኛ ንስር ደርሶታል። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ጥፋቱ የጠሃ ነው።

ምልኬሳ የሚባል ባለባጃጅ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወደ ኋላ ዞሮ እርግቧን «አካም ቡልቴ» ይላታል፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። ጠሃን ሲያገኘው ደግሞ ይጠይቀዋል፦

«ጋሽ ጠሃ፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው ቀና የምትለው?»

«አነዳድህን አይታ ነው ፊቷን የሸፈነችው» ይለዋል ጠሃ።

ሰው ይስቃል እንጂ ምክንያቱን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ጠሃ ልጅ ሳለ በአባቱ ሱቅ በር ላይ በጠመኔ አውራ ዶሮ ስሎ ነበር። አባቱ ሐጂ አብዱልሃኪም ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ነፍስ ያለው ፍጡር መሳል አይፈቀድም ባይ ናቸውና ዶሮውን በእርጥብ ጨርቅ አጠፉት፤ «በቂያማ ቀን ‹በል ነፍስ ዝራበት› ቢሉህ ምን ትመልሳለህ?» አሉት። ልጁ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። እጁ ግን አላርፍ አለው። ቁርኣን የሚያስቀሩትን ኡስታዝ ቢጠይቃቸው፣ ራስ የሌለውን ሥዕል ነፍስ ካለው የማይቆጥሩ ዑለማዎች እንዳሉ ነገሩት። የወፍ አንገት መቁረጥ ደግሞ አንጀቱ አልቻለም። ስለዚህ በሩ ላይ እርግብ ሳለና ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ሸሸገው። ሐጂ መጥተው ቆመው አዩዋት። አላጠፏትም፤ ጥሩ ነውም አላሉ። በሩን ከፍተው ገቡ።

ያ ዝምታ ነው እንግዲህ ጠሃን እስከ ሽበት ያደረሰው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ቃል ለሚጠብቅ ልጅ ግን ወርቁ ምን ያደርግለታል? ጠሃ አግብቶ፣ ወልዶ፣ የራሱን የሥዕል ቤት ከፍቶ፣ አባቱ አንድም ቀን ውስጥ ገብተው አያውቁም። ከመስጊድ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላሉ፣ የልጆቹን ጤንነት ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። ፈቅደውለት ይሁን ታግሠውት፣ ጠሃ አያውቅም። ደፍሮ አይጠይቃቸውም፤ «አልወደድኩትም» ቢሉት ምን ሊሠራ ነው?

አምና ላንጋኖ ዳር ሆቴል ያላቸው ወይዘሮ ዘርፉ የምግብ አዳራሻቸውን ሰፊ ግድግዳ በሐይቁ ወፎች እንዲሞላላቸው ጠሩት። ጠሃ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲመኝ ነው የኖረው። ፔሊካኖቹን፣ በአንድ እግር የቆሙትን ፍላሚንጎዎች፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለውን አባ ኮዳ ሳይቀር አንድ በአንድ አስተኛቸው። ሥራው ግማሽ ሲደርስ ወይዘሮ ዘርፉ ሊያዩ መጡ።

«ጠሃ፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው? ታመው ነው?»

«ተኝተው ነው፣ እትዬ ዘርፉ።»

«እንግዳ እኮ የሚመጣው ሊዝናና ነው። ቀስቅስልኝ።»

«እሱን እንኳ አልችልም።»

«ካልቻልክ የሚችል እጠራለሁ።»

ጠሃ ብሩሾቹን በአኳራጅ አጥቦ፣ ቀለሙን ከድኖ፣ ወደ አዳማ ተመለሰ። እምቢ ያለው የወፍ ራስ መሳል ከብዶት አይደለም። አንዷን ቀና ካደረጋት፣ አባቱ በበሩ ማለፋቸውንም ይተዋሉ ብሎ ፈርቶ ነው። ግድግዳው ግን ከዓይኑ አልጠፋ አለ።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ዘርፉ ናቸው።

«ና ጨርስ፣ ተሸነፍኩ። ሰዉ ምሳውን በልቶ ግድግዳህን እያየ ያንቀላፋል። ሲነቃ ሻይ ያዛል፣ ደግሞ ያንቀላፋል። የሚሄድ ጠፋ።»

ሄዶ ጨረሰ። ወሬውን በከተማው የነዛው ምልኬሳ ነው። አንድ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ እንደ ልማዳቸው የሥዕል ቤቱ በር ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያ ግን መሄዱን ተዉት።

«ያ ምልኬሳ የሚያወራው ግድግዳ ሩቅ ነው?»

«ብዙም ሩቅ አይደለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ውሰደኝ።»

በማግስቱ በሚኒባስ ሄዱ። ሐጂ መንገዱን ሙሉ የሙስበሃቸውን ዶቃ ሲቆጥሩ ቆይተው፣ አዳራሹ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ። የተጠበሰ ቆሮሶ መጣላቸው። ዓሣውን ከእሾሁ እየለዩ ይጎርሳሉ፣ ቀና ብለው ያያሉ፣ ደግሞ ይጎርሳሉ። ከፔሊካኖቹ ጀምረው እስከ አባ ኮዳው ድረስ አዩ። ጠሃ ምግቡን ሳይነካ የአባቱን ዓይን ይከተላል። እንዲህ የፈራው ያን ጊዜ፣ በጠመኔው ዘመን ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል አስተናጋጁ አንድ የብረት ጠረጴዛ ሲሚንቶው ላይ እየጎተተ መጣ። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ሐጂ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ቀስ በል» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይነቁብሃል።»

አስተናጋጁ ግራ ገብቶት ወደ ግድግዳው አየ፤ ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ ጠረጴዛውን ለሁለት ተሸከሙት። ጠሃ እንባው እንዳይታይበት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

ሐጂ ከዓሣው ጥሩ ጥሩውን ለይተው ወደ ልጃቸው ገፉለት።

«ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ» አሉት፤ አሁንም በሹክሹክታ።