ቢምረው ደረጃው ላይ የተናገረው

ቢምረው የቤት አየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ማቀዝቀዣውን አሽቀሎን ውስጥ ሁላችንም በዕብራይስጥ ስሙ መዝጋን እንለዋለን። በጋው ሲከርና የባሕሩ እርጥበት ሰውን ሲያፍን ስልኩ ከጧት ጀምሮ አያርፍም። መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ አንዱን ፎቅ ሲወጣ አንዱን ሲወርድ ይውላል። ከጎንደር በሱዳን በኩል ሲወጡ እናቱ እማማ ዘነበወርቅ በጀርባቸው አዝለውት ነበር፤ ሱዳንን የሚያውቀው በወሬ ነው። አሁን ከባለቤቱ ከያፊትና ከልጃቸው ከሺረል ጋር ሺምሾን ሰፈር ይኖራል።

ግን ቢምረው መዝጋን ጠጋኝ ልሁን ብሎ አያውቅም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ተውኔት ሲሠሩ፣ አንድ ሽማግሌ ሆኖ ተጫወተና አስተማሪው ሳይቀር አለቀሰ። ያን ቀን ተዋናይ እሆናለሁ አለ። ከሠራዊት ሲመለስም ቴል አቪቭ ሄዶ ትወና መማር ጀምሮ ነበር፤ ሺረል ስትወለድ ተወው። ተወው ማለት፣ ሙያውን ቀየረ እንጂ ነገሩ ከልቡ አልወጣም። ለፊልም ሰው ሲፈለግ ይጠሩታል፤ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ በር ጠባቂ፣ አንድ ጊዜ ጽዳት ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት የሚያይ ሰው አደረጉት። አፉን ከፍቶ እንዲናገር ግን ማንም አልጠየቀውም።

ስለዚህ ሳጊ የሚባለው ዳይሬክተር የጠራው ዕለት ቤቱ ውስጥ ደስታው ሌላ ነበር። የፖሊስ ፊልም ነው፤ ተኩስ፣ የመኪና ሩጫ፣ ከጣሪያ ጣሪያ መዝለል ያለበት። ጀግናው ፖሊስ የጦር መሣሪያ ሌቦችን ሲያሳድድ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ይገባል። ጫጫታ ሰምቶ ከቤቱ የወጣ አንድ አባት ደረጃው ላይ ያገኘዋል። ፖሊሱ ሌባ መስሎት ተኩሶ ይገድለዋል፤ ከዚያም ፊልሙ እስኪያልቅ ጸጸቱ አይለቀውም። ያ አባት ቢምረው ነው።

"ዕብራይስጥ አታውራ" አለው ሳጊ። "ሰው ሲደነግጥ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በአማርኛ በል፤ ምን እንደምትል አንተው ታውቃለህ።"

ቢምረው ራማት ኤሽኮል ሰፈር እናቱ ቤት ሄዶ ጠየቃቸው። "እማዬ፣ መሣሪያ የደገነብሽ ሰው ፊት ብትቆሚ ምን ትያለሽ?"

እማማ ዘነበወርቅ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሱዳን መንገድ መሣሪያ ለደገኑባቸው ያሉትን ያውቁታል። "ምን እላለሁ? ወንድሜ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ዝቅ አድርገው፣ ልጆቼ ውስጥ ናቸው እላለሁ እንጂ።"

እሱም ይቺኑ ተናገረ። እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን ከፖሊሱ ዓይን ሳይነቅል ነው የተናገረው። ሲጨርስ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ክንዱን እያሻሸ "ሰውነቴን ወረረኝ" አለው። ሳጊም አቅፎ ሳመው።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባ ጊዜ ቢምረው ቤተ ሰቡን ይዞ ሄደ። እማማ ዘነበወርቅ ነጠላቸውን አጣጥፈው መሀል ተቀመጡ። የቢምረው ጎረቤት ጋሼ ንጉሤም አብረው መጡ። መኪናው ሲገለበጥ እማማ "ወይኔ!" ይላሉ፣ ሺረል አያቷን በዕብራይስጥ "ሳብታ፣ ሼኬት!" እያለች ዝም ታሰኛቸዋለች። በመጨረሻ ደረጃው መጣ።

የቢምረው ፊት ሸራውን ሞላው። እጆቹን ያነሣበት ግን የለም፤ ተቆርጧል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ "ወንድሜ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ዝቅ አድርገው፣ ልጆቼ ውስጥ ናቸው።" ከታች በዕብራይስጥ የወጣው ጽሑፍ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ "አንድ እርምጃ ብትጨምር፣ አንተንም ልጆችህንም እጨርሳችኋለሁ።"

ፖሊሱ ተኮሰ። ቢምረው ደረጃውን ተንከባሎ ወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከኋላ አንዱ በፉጨት ጀግናውን አደነቀ።

ያፊት ጽሑፉን አንብባ እጇ አፏ ላይ ቀረ። ቢምረው ያነበበውን ማመን አቅቶት ሸራውን እያየ ደረቀ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉት እማማ ዘነበወርቅ የሰሙትን ብቻ ይዘው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ልጄ፣ እንዲያ እየለመንከው ለምን ገደለህ? ሰዉስ ምን አግኝቶ ነው የሚያጨበጭበው?"



በማግስቱ ሺረል ስልኳን ይዛ ተቀመጠችና ተመልካቾች የጻፉትን ማንበብ ጀመረች። አንዱ "ከስንት ዘመን በኋላ እውነተኛ የፖሊስ ፊልም አየን" ይላል። ሌላው የመኪናው ሩጫ ረዘመብኝ፣ ሌላዋ ፍቅሩ ጨው አልነበረውም ይላሉ። ከዚያ ወደ ቢምረው መጡ። "ደረጃው ላይ ያለው ሰውዬ ያስፈራል።" "ዓይኑን አያችሁት? ገና ሳይናገር ነፍሰ ገዳይ መሆኑ ያስታውቃል።" "ሲሞት ተነሥቼ አጨበጨብኩ።"

"ዝጊው" አላት ቢምረው።

"አባ፣ ማ ኢኽፓት ለኻ? ምን አገባህ? አንተን አያውቁህም" አለችው።

"እኔን ባያውቁኝም ዓይኑ ያሉት ዓይኔን ነው።"

ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት አስተያየት ነበር። ጋሼ ንጉሤ ደጅ ላይ አስቁመውት፣ "ቢምረው፣ የተናገርከው ልብ ይነካል፤ እኔ አልቅሻለሁ። ግን ልጆቼ ያነበቡትን ነገሩኝ። ሳታውቅ ነው የገባህበት ወይስ አውቀህ?" አሉት።

"ጋሼ፣ በምን ላውቅ እችላለሁ? ያልኩትን ሰምተዋል።"

"እኔማ ሰማሁ። ወጣቶቹ ግን ለገንዘብ ብሎ ስማችንን አጠፋ እያሉ ነው። እኔ ለማን ለማን ልመልስልህ?"

እሱም ለማን እንደሚመልስ አያውቅም። የባሰው ደግሞ ሥራው ላይ መጣ። አፍሪዳር ሰፈር አንዲት ሮተም የምትባል ሴት መዝጋኗ ውኃ እያንጠባጠበባት ጠራችው። በሩን ከፍታ ስታየው ወደ ኋላ አለች፤ ወዲያው ደግሞ በሳቅ ፈነዳች።

"አንተ ነህ! የደረጃው ሰውዬ! ልቤን ልታቆመው ነበር እኮ!"

አስገባችው። መሰላሉ ላይ ወጥቶ የታፈነውን ማጣሪያ ሲያወጣ ስልኳን አዘጋጅታ ከሥር ቆመች። "እስቲ ያቺን ዛቻ በልልኝ፤ ለእህቴ ልላክላት። በዚያ አስፈሪ ፊትህ!"

"ዛቻ አልነበረም" አላት ቢምረው። "እየለመንኩት ነበር።"

"እንዴት? ጽሑፉን አንብቤዋለሁ እኮ።"

"ጽሑፉ ውሸት ነው።"

ሮተም ስልኳን ዝቅ አድርጋ ተመለከተችው። እንደማመን አለችና፣ "ታዲያ ለምን እንዲያ ይጽፋሉ? ምናልባት አማርኛው ሁለት ትርጉም ይኖረው ይሆናል" አለች። አማርኛ ለአርባ ዓመት የተናገረው ሰው መሰላል ላይ ቆሞ ማጣሪያውን በብሩሽ ፈተገው፣ ፈተገው፣ እስኪቀደድ ድረስ። አዲስ አምጥቶ ሊገጥምላት ግድ ሆነበት።

ከዚያ ቤት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ቁጭ እንዳለ ለሳጊ ደወለ። ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ሞክሮ ነበር፤ ያን ቀን ሳጊ አነሣ።

"ቢምረው፣ ወንድሜ! ምን ያህል እንዳደነቁህ አየህ?"

"አፌ ውስጥ የከተትከው ምንድን ነው?"

ሳጊ ነገሩን ሳይደብቅ ነገረው። ፊልሙን ገና ሳያወጡ ሰው ሰብስበው አሳይተው ነበር፤ አስተያየት ለመሰብሰብ። ተመልካቹ ጀግናውን ጠላው። ንጹሕ አባት የገደለ ፖሊስ ከዚያ በኋላ ቢዘልም ቢሮጥም ደስ አላሰኛቸውም። አንዳንዶቹ መሀል ላይ ወጥተው ሄዱ።

"እንደገና መቅረጽ አልቻልንም። ጽሑፉን ከቀየርን፣ እጅህን ያነሣህበትን ከቆረጥን፣ ፊልሙ ይድናል ተባለ። አማርኛውን ማን ይሰማል ብለን…" ሳጊ ንግግሩን አቋረጠ።

"ማን ይሰማል?"

"እንደዚያ ማለቴ አይደለም።"

"እናቴ ሰማች" አለ ቢምረው። "ቃሉ የሷ ነው።"

ሳጊ ማዘኑን ተናገረ። የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበረው፤ ቢምረውን ይበልጥ ያናደደውም እሱ ነው። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ይሰድበው ነበር። "ና፣ ሺምሾን ማትናስ ውስጥ ፊልሙን አሳይተን ከተመልካች ጋር እንወያያለን። እዚያ ተናገረው፤ እኔም ከጎንህ ነኝ" አለው።

የማትናሱ፣ የሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ አዳራሽ በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ውይይቱን የምትመራው ሃጋር ድምፅ ማጉያ ይዛ በወንበሮቹ መሀል መዞር ጀመረች። አንድ ጡረተኛ ፖሊስ፣ ሽጉጥ እንዲህ አይያዝም ብሎ ብዙ ተናገረ። አንድ ጎረምሳ ከጀልባ ወደብ የተነሣው የመኪና ሩጫ እንዴት እንደተቀረጸ ጠየቀ፤ ሳጊ በደስታ አስረዳው፣ ሰዉም ሳቀ። አንዲት ሴት ደግሞ ለምን ሴት ፖሊስ የለም አለች። ቢምረው ፊተኛው ረድፍ ላይ እጁን አንሥቶ ይጠብቃል። ሃጋር "እደርስልሃለሁ" እያለች ታልፈዋለች።

ከጎኑ እማማ ዘነበወርቅ ብድግ አሉ። ማጉያውን አልጠበቁም።

"እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ በአማርኛ። "ልጆቼ ውስጥ ናቸው እያለ እየለመነው ለምን ገደለው? እናንተስ ለምን አጨበጨባችሁ?"

ሃጋር ፈገግ ብላ "እንዴት ደስ የሚሉ እናት ናቸው! ቢምረው፣ ምን አሉ? ተርጉምልን" አለች።

ተረጎመው። ቃል ሳይቀንስ፣ ቃል ሳይጨምር። ሲጨርስ ሰዉ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን ሲኮላተፍ እንደሚሳቀው ያለ ነው። "ልጇ እውነት የሞተ መስሏታል፣ ምስኪን!" አለች አንዷ። "እናት፣ ይኸው አጠገብሽ ነው፣ አልሞተም!" አለ ያ ጡረተኛ ፖሊስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አጨበጨቡላቸውም።

እማማ ዘነበወርቅ ዙሪያቸውን እያዩ "ምን አሉ? ምን መለሱ?" አሉ።

ቢምረው ማጉያውን ከሃጋር እጅ ወሰደ።

"እናቴ ፊልም ከእውነት አልተምታታባትም። እናንተ ያነበባችሁትን አላነበበችም፤ እኔ ያልኩትን ግን ሰምታለች።" ደረጃው ላይ ያለውን በአማርኛ ደገመው፣ ቀጥሎ በዕብራይስጥ ተረጎመው። "ይኸ ነው ያልኩት። ሌላው የተለጠፈብኝ ነው።"

ከኋላ አንዲት ወጣት "እውነቱን ነው፤ እኔም ሲኒማው ውስጥ ሰምቼዋለሁ" ብላ ተነሣች። አንዳንዶች አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሰውዬ ግን እጁን አወናጨፈ። "ቆይ፣ እንግዲያ ሰውዬው ንጹሕ ከሆነ ፖሊሱ ምን ሊሆን ነው? ፊልሙ ጠፋብኝ!"

ሳቁ ተመለሰ። ቢምረው ሳጊን አየው። ከጎንህ ነኝ ያለው ሳጊ ግን ማጉያውን ተቀብሎ፣ ሲኒማ ማለት ይኸው ነው፣ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ፊልም ያያል ብሎ በጣፋጭ አንደበት ተናገረ። ሃጋር አመስግና፣ በር ላይ ኬክና መጠጥ አለ አለች። ሰዉ ወንበሩን እያንኳኳ ወጣ።

መኪና ውስጥ እማማ ዘነበወርቅ "ያ ሰውዬ መለሰልህ?" አሉት።

"አልመለሰም።"

"ብዙ አወራ እኮ።"

"አወራ። አልመለሰም።" መሪውን በመዳፉ መታው። እናቱ ደነገጡ፤ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ክረምቱ ገብቶ የመዝጋን ጥሪ ሲቀዘቅዝ ፊልሙ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ሳጊ አስቀድሞ "አስተካክለነዋል" የሚል መልእክት ልኮለት ነበር። ቢምረው ማንንም ሳይጠራ ከያፊትና ከሺረል ጋር ተቀመጠ። ደረጃው መጣ። ፊቱ መጣ። ልመናው ተሰማ። ያ የዛቻ ጽሑፍ የለም። በቦታው ትንንሽ ፊደል ተጽፏል፦ "በአማርኛ ይናገራል።" ሌላ ምንም የለም። ተኩሱ እንደ ወትሮው ተሰማ።

"ቢያንስ አትዝትም" አለች ያፊት ቀስ ብላ።

"ምን እንደምል ግን ማንም አያውቅም።"

"እኛ እናውቃለን።"

"ያፊት፣ እናንተ ፊት አይደለም እኮ የሞትኩት።"

ሺረል ወደ አባቷ ዞረችና፣ ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምትመልሰው ልጅ በተሰባበረ አማርኛ "አባ፣ 'ይዤሃለሁ' ምን ማለት?" አለችው። ሊያስረዳት ሞከረ። የያዘው ነገር ሳይኖር ሰው እንዴት ይዤሃለሁ እንደሚል በዕብራይስጥ ቃል አጣለት፤ ጀመረ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ "ነገ አያትሽን ጠይቂያት" ብሎ ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ልጅ ከሌላ የፊልም ድርጅት ደውላለት ነበር። የፖሊስ ተከታታይ ፊልም ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ይፈለጋል፣ በአማርኛ ቢሆን ይመረጣል አለችው።

"ከታች የሚወጣውን ጽሑፍ ማን ነው የሚጽፈው?" ሲል ጠየቃት።

"እኔ እንጃ። ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም።"

"አጣርተሽ ደውዪልኝ።"

እሺ አለች። እስካሁን አልደወለችም። ያፊት አንተው ደውልላት ትለዋለች፤ እሱ አይደውልም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ግን ከመሰላሉ ለመውረድ ይቸኩላል።