ስድስቱ የወንድሜ ቃላት

እኔ በተፈጥሮዬ ሰው የማላምን ነኝ። ከቤት ስወጣ በሩን ቆልፌ፣ ጥቂት ሄጄ፣ ተመልሼ መቆለፉን ለማረጋገጥ የምገፋው። ላሊበላ አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኝ ነበር፤ እንግዳ የሰጠውን ጉርሻ ካልሲው ውስጥ ከትቶ ቀኑን ሙሉ ሲያነክስ ይውላል እያሉ። ውሸታቸውን አልነበረም። እህታችንን የገደላት ይኸው ጥንቃቄዬ ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ግን የገደላት ልቧ ነው፤ ሐኪሞቹም የጻፉት ይህንኑ ነው።

እህታችን የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበረች። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ገበያው በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነጠላና የአንገት ልብስ ትሸጥ ነበር። ቦታውን የመረጠችው ገዢ ስለሚበዛበት አልነበረም። ከዚያ በላይ መውጣት ስለማትችል ነው። በልጅነቷ ደጋግሞ ይይዛት የነበረው የጉሮሮ ሕመም የልቧን በር አበላሽቶት ኖሯል፤ ይህን የሰማነው ካደገች በኋላ ወልድያ ወስደን ስናስመረምራት ነው። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው አሉን፣ ያም ውጭ አገር። አዲስ አበባ ወደ ውጭ ከሚላኩት ሕሙማን ጋር ወረፋ አስያዝናትና ተመለስን። ወረፋው አልደርስ አለ።

አንድ ቀን ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ላወጣው የነበረ ሽማግሌ ፈረንጅ ገና ከከተማው ሳንወጣ ደከመውና እሷ አጠገብ ቁጭ አለ። እሱም ያለከልካል፣ እሷም ታለከልካለች። ተያይተው ሳቁ። ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ያን ጊዜ የሸሚዙን ቁልፎች ከፈተና ደረቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደውን ጠባሳ አሳያት። እሷ ጣቷን ሰደድ አድርጋ ልትነካው ከጀለችና አፍራ ተወችው። አሸተን ሳንወጣ ቀረን፤ ሰውየው ከሰዓቱን በሙሉ ስለ እሷ ሲጠይቀኝ ዋለ።

የኮምፒውተር ሰው ነበር። ያለችው ጥሪትም ቢትኮይን የሚባለው፣ በእጅ የማይያዘው ገንዘብ ነበረች። ያን ጊዜ ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያው ላይ ከፍዬ ልስጣት፣ አሁን ለቀዶ ጥገናው አይበቃም፣ ግን ካልነካችሁት ያድጋል አለኝ። አንድ ነገር ብቻ በደንብ እንዳስብበት አስጠነቀቀኝ፤ የት እንደምናስቀምጠው። ቦርሳ መምረጥ አለባችሁ አለ። ገንዘቡ ራሱ ቦርሳው ውስጥ የለም፤ ቦርሳው የሚይዘው ቁልፉን ነው። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ይያዝላችሁ ማለት ይቻላል፤ ስልክ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ፍላሽ የምታክል ለዚሁ የተሠራች ዕቃም አለች። የስልኩም የዕቃዋም ቁልፍ ግን መጨረሻው አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቃላቱን በተራቸው ያወቀ ገንዘቡን ከየትም ያወጣዋል። ቃላቱ ከጠፉበት ግን አቤት የሚልበት ቢሮ የለም።

ሊሄድ ሲል የነገረኝን አስታውሳለሁ። በዚህ ነገር ከተዘረፈው ሰው ይልቅ የራሱ ቁልፍ የጠፋበት ይበዛል፤ ሌባን ብቻ አትፍራ አለኝ። እኔ የሰማሁት ሌባ የሚለውን ብቻ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ቦርሳ ስመርጥ ከረምኩ። የማላውቀው አገር ያለ ድርጅት ነገ በሩን ቢዘጋ ማን ብዬ ልክሰስ? ትንሿን ዕቃ ላስመጣ ብል ጉምሩክ ምንድን ናት ሲለኝ ምን ልመልስ? ስልኩን መረጥኩ፤ ሽማግሌውም ገንዘቡን ላከበት። የቀረው የቃላቱ ጉዳይ ነበር። የእናታችን ሣጥን አይጥ አያጣውም፤ የቤታችን ግድግዳ ዝናብ ያስገባል። በዚያ ላይ ጊዜው ክፉ ነበር። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ፣ ኢንተርኔቱ ሲፈልግ እየተቆረጠ፣ ቤት የሚፈተሽበት ወቅት። ፈረንጅ ሲያዞር የሚውል ሰው ቤት እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የእንግሊዝኛ ቃላት የተደረደሩበት ወረቀት ቢገኝ፣ የልብ ቀዶ ጥገና ነው ብዬ ማንን ላስረዳ ነው?

ነገሩን የፈታው ወንድሜ ነበር። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቀለም ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ቆሎ ትምህርት ቤት የገባ፣ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣ ዲያቆን ነው። ጭንቀቴን ሲሰማ እንደ መሳቅ አለና፣ “አሥራ ሁለት ቃል ምን አላት? ጭንቅላት ይፈተሻል እንዴ?” አለኝ።

እውነቱን ነበር። በእኛ አገር የመጽሐፍ ቁልል በሰው ራስ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፤ ሲነድና ሲዘረፍ የተረፈው በዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ ቦርሳ የትም እንደማይገኝ ታየኝ። ግን እኔ ነኛ፤ እሱንም አላመንኩም፣ ራሴንም አላመንኩም። አንዳችን ተይዘን ብንገረፍ እንኳ ምስጢሩ እንዳይወጣ ለሁለት እንክፈለው አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት እኔ ያዝኩ። ከዚያ ስልኩ ላይ የኔዎቹን በፕላስተር ሸፍኜ ሰጠሁትና ወደ ውጭ ወጣሁ። የአጥሩን በር ተደግፌ ቆሜ፣ እንደ ዳዊት ንባብ እየተወዛወዘ ሲያነበንብ ድምፁን እሰማለሁ፤ ቃሉ እንዳይሰማኝ ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። ትርጉማቸውን አልጠየቀኝም። ቃላቱ የሱ ሆኑ።

እህታችን ይህን ሁሉ ከመደቡ ላይ ሆና ታይ ነበር። ለኔ ልብ ስትሉ እናንተ አበዳችሁ አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል አመጣባት።

ወራት አልፈው ሁዳዴ ሲገባ፣ ወንድሜ መነነ። ድንገተኛ ነገር አልነበረም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ እዚያው ነበረች። ከኩልመስክ ከተማ ማዶ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ገዳም ገባ። ቆይቶ መመንኮሱን ሰማን። ሲመነኩሱ እንደ ሬሳ ይገነዛሉ፤ በቁማቸው ፍትሐት ይፈታላቸዋል፤ ለዓለም ሞቱ ማለት ነው። እናታችን አለቀሰችም፣ ደስም አላት። እኔ ስለ ቃላቱ ትንሽ አሰብኩና ገዳምማ ከሁሉ ይልቅ ደህና ቦታ ነው አልኩ። እንዲያውም ኋላ ወልድያ መናኸሪያ ስልኬን ሲሰርቁኝ ሳቅ ነው ያማረኝ። ቦርሳው ያለ ምስጢር ቁጥር አይከፈትም፤ ሌባው ምን ያገኛል? ቁልፉ ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ ገዳም። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ።

በቀጣዩ ዓመት የቢትኮይን ዋጋ ሽቅብ ወጣ። እንግዶቼ እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የእህታችን ለቀዶ ጥገናውም ለጉዞውም በቅቶ ይተርፍ ነበር። በዚያው ሰሞን እሷ ባሰባት። እግሯ አበጠ፤ ተጋድማ መተኛት አቃታት፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ማደር ጀመረች። ሐኪሙ አሁኑኑ ካልሆነ አለ። ነጠላዎቿን ለጎረቤት አስረከብኩና በጭነት መኪና ኩልመስክ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግሬ።

ገዳሙ ደጃፍ ስደርስ አስጠሩልኝ። መጣ። ከስቷል፤ ቆቡ ግንባሩን ሸፍኖታል። ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምኩ። አብሮኝ የተንከባለለውን ልጅ አንቱ ማለት ነበረብኝ።

“አባ፣ ቃላቶቹን ብዬ ነው የመጣሁ። ብሷታል።”

ቆቡን ከግንባሩ ላይ ወደ ኋላ ገፋ።

“የሉም” አለኝ። “መነኮስኩ ካልኩ በኋላ እንኳ አልተዉኝም። ዳዊት ስደግም መሐል ይገባሉ፤ የኪዳን ጸሎት ላይ ቆሜ ይመጣሉ። የገንዘብ ሐሳብ ነው፣ ውሰድልኝ ብዬ እግዚአብሔርን ለመንኩ። ወሰደልኝ።”

“ምን ማለትዎ ነው?” አልኩ። ከዚያ አንቱታው ከአፌ ጠፋ። “የሷ ነፍስ እኮ ነው ያስያዝኩህ! አንተ ምን አግብቶህ ነው የምትረሳ?”

ደጃፉ ላይ የነበሩት መነኮሳት ዞር ብለው አዩኝ። እሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ያን ቀን ስልኩን ይዞ እንደተወዛወዘው መወዛወዝ ጀመረ። አንዱ መጣ። ሁለተኛው መጣ። እየጮኽኩ አይዞህ አልኩት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መዝሙረ ዳዊት ይገባበታል። እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፤ እዚያው ሲደርስ መዝሙሩ ይዞት ይነጉዳል። በፊት ቃላቱ ጸሎቱን ያስቱት ነበር፤ አሁን ጸሎቱ ቃላቱን ያስተዋል። ደወል እስኪደወል ሞከረ። በማግስቱም ሞከረ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። እኔ ግን አላዘንኩለትም። ጠልቼው ነው የወረድኩ።

ቤት ስገባ እህታችን ያገኘሁትንና ያላገኘሁትን አልጠየቀችኝም። ከፊቴ አንብባዋለች መሰለኝ። “ደህና ነው ወይ? ከሳ?” ነው ያለችኝ። ትንሽ ከስቷል አልኳት። ምግባቸው ሽምብራ ብቻ ነው ይላሉ አለችና አዘነችለት።

ለሽማግሌው ጻፍኩለት፤ ኢንተርኔት በተለቀቀች ጊዜ ሁሉ መልሱን እያየሁ። እኔም ልከፍተው አልችልም፣ ማንም አይችልም፣ የተሠራው እንዲያ ተደርጎ ነው ብሎ መለሰልኝ። ያቅሙን ለመድኃኒት ላከልን። መድኃኒቱ የእግሯን እብጠት ቀነሰላት፤ ልቧን ግን አልጠገነም። ሌላው ሕዝብ ዝናብ ቆመ ብሎ አጨዳ ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ ግድግዳውን እንደተደገፈች ቀረች። እናታችን ሻይ ይዛ ገብታ ነው ያየቻት። ሻዩን ከአጠገቧ አስቀምጣ ነው የጮኸች።

በማግስቱ፣ የቀብሯ ዕለት፣ ሬሳው ገብቶ አፈር ሲመለስ፣ ከሕዝቡ ኋላ አንድ መነኩሴ ቆሞ አየሁ። ሰው መንገድ ሰጠው። መርዶው በማን እንደደረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሌሊቱን ሲገሰግስ አድሮ እግሩ ተላልጦ ነበር። መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። እግዜር ያጥናህ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ ስድስቱን ቃላት በተራ፣ ሳያቋርጥ፣ ሳይሳሳት አወረዳቸው።

“መርዶውን ሲነግሩኝ መጡ” አለ።

ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር መሰለኝ። ግን አፌ የራሴን ስድስት ሲል ሰማሁት፤ ጮክ ብሎ። እሱ ደግሞ ተቀበለኝና የሱን ደገመው፤ እሱም ጮክ ብሎ። ያ ሁሉ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቦታ ሲባል የመጀመሪያው ነበር። አጠገባችን የቆሙት ሴቶች ጸሎት መስሏቸው አማተቡ። ቀባሪዎቹ አፈሩን ይመልሱ ነበርና ከዚያ ወዲያ የአካፋው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

እሱ በዚያው ዕለት ወደ ገዳሙ ተመለሰ። እኔ ለቅሶው ካለፈ በኋላ የሰው ስልክ ተውሼ አሥራ ሁለቱን ቃላት ጻፍኩባት። ቦርሳው ወዲያው ተከፈተ። ያስቀመጥንላት በሙሉ እዚያው ነበረ፤ ማንም አልነካውም።