ሰይድ «በማለዳ ይምጡ» ያለ ዕለት

ትናንት እህቴ ዘይነባ ከጅዳ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት መሀል ላይ ተንተባተበና ቆመ። ኔትወርኩ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ ግን ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ሐሳቤ ይዞኝ ሄዶ ያደግንባት መካነ ሰላም፣ ሰይድ ሱቅ ውስጥ አስቀመጠኝ።

ዘይነባ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ወሬዋ ጠፍቶብን ከርሞ፣ ከዚያ የተመለሰች አንዲት የከላላ ልጅ ድምፅዋ የተቀዳበት ሲዲ አመጣችልን። ከምናውቀው ሰው ኮምፒውተር የነበረው ሰይድ ብቻ ነው፤ ጅዳ አድጎ የመጣ፣ ዘፈንና መንዙማ እየቀዳ የሚሸጥ ሳቂታ ልጅ። እናቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ልጇ በበሩ የምትገባ ይመስል ተቀመጠች። ከድምፅ ማጉያው «እማዬ፣ እኔ ደህ… ደህ… ደህ…» የሚል ወጣና ጭርር ብሎ ተቋረጠ። ሰይድ ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው፣ «ደህና ነኝ» ሳትል ትቀራለች። አዲስ የገጠመው የድምፅ ካርድ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳልተስማማ፣ ማሽኑ ድምፁን ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ ስለሚያቀብለው ካርዱ ባዶውን እንደሚቀር፣ አስቀድሞ በርከት አድርጎ እንዲያጠራቅም ቢስተካከል ግን ድምፁን ሳያቋርጥ እንደሚለቀው፣ ለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ፕሮግራምም በደሴ አውቶቡስ ማታ እንደሚገባለት ብዙ አስረዳ። እናቴ ከዚያ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ነው።

«ነገ በማለዳ ይምጡ። ብቻዎን ግን እንዳይመጡ፣ ዘመድ ይዘው ይምጡ።»

ምስኪን፣ ክፋት አልነበረበትም፤ ሁሉም አንድ ላይ ቢሰማት ደስ ይላል ብሎ ነው። እኛ ዘንድ ግን በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገር ነገር መርዶ ነው፤ ጅዳ ላደገ ልጅ ይህን ማን ይንገረው? ቤት ስንደርስ እናቴ ለጎረቤታችን ለእትዬ አልጋነሽ ነገረቻት፤ ለሁሉ ነገር «ምን ይሆናል!» የምትለው እትዬ አልጋነሽ ያን ቀን አላጽናናችም፣ ጥቁር ልብሷን ልትፈልግ ሄደች። ያኔ ፈራሁ፤ ዘይነባ ያሰፋችልኝን ቀሚስ አቅፌ፣ እባክህ አትንጋ እያልኩ ሌሊቱን ለመንኩት።

ነጋ። ሰይድ በሩን ሲከፍት ሰፈሩ በሙሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጁ ላይ ቆሟል። አጎታችን ሼህ ይማም ቀረብ ብለው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ አትደብቀን» አሉት። ሰይድ ምን እንደሚደብቅ ግራ ገብቶት፣ በሌሊት ያስተካከለውን ማሽን ነካካ፤ ድምፅዋ አንዴም ሳይቆራረጥ ወጣ፦ «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ላሟ ወለደች?»

እናቴ ሰይድ ሱቅ ወለል ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች፤ ለቀስተኛው ሁሉ ከበባት፣ አብሯት አለቀሰ፣ ቆይቶም በራሱ ሳቀ። እትዬ አልጋነሽ ሰይድን ዳግመኛ ሰው በማለዳ እንዳይጠራ መከረችው፣ ሳመችውም።

እናቴ ዐምና አረፈች። ዘይነባ የሰማችው አንድ የሰፈር ልጅ ደውሎላት፣ በአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ሳሕን እያጠበች ነው። በማለዳ የሄደላት የለም፣ ወገቧን ይዞ ያስቀመጣት የለም። የቤቱ ልጆች ተኝተው ስለነበር፣ ጮክ ብላም አላለቀሰች።