ኮሶዬ ላይ ያጣደፍኩት ሽምግልና

ጎንደር፣ ንጋት ላይ

የደባርቁ ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም። አጎቴ አያ መኮንን፣ ጎረቤታችን ቄሱና እኔ የኋላውን ወንበር ይዘናል። ለታናሽ ወንድሜ ለደሳለኝ ሚስት ልንጠይቅ በዚሁ መንገድ ላይ ወዳለችው ኮሶዬ መሄዳችን ነው። እሱ እንደ ደንቡ ቤት ቀርቷል።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ፈረንጅ ጉዞውን የሚቀያይርበት ቃል አያልቅበትም፤ «ፑት ኦፍ» ብሎ ያራዝማል፣ «ብሪንግ ፎርዋርድ» ብሎ ያስቀድማል፣ «ካት ሾርት» ብሎ ከመሀል ያቋርጣል፣ ሲብስበት «ኮል ኦፍ» ብሎ ይሰርዛል። እኔም በእነዚህ ቃላት ነው እንጀራ የምበላው። መንገዱን ሙሉ በስልክ አንዱን ጉብኝት ሳስቀድም፣ ሌላውን ሳራዝም ነበር።

«ኧረ ዛሬ እንኳ ዝጋው!» አሉኝ አያ መኮንን።

ኮሶዬ፣ ረፋድ ላይ

ጉም፣ የገብስ ማሳ፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ። የልጅቱ አባት አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀበሉን። ጠላ ቀረበ። አጎቴ ጉዳያችንን በወጉ አስረዱ።

«ሸጋ ነው» አሉ አያ ፈንታ። «ከዘመድ ልምከር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ።»

ያኔ የማስጎበኛቸው እንግዶች አሉብኝ። አፌን ምን እንደያዘኝ እንጃ፤ «አያ ፈንታ፣ ቀጠሮውን ብናስቀድመውስ? ባይሆን ዛሬውኑ እሺ ወይም እምቢ ይበሉንና እንገላገል» አልኩ።

ጓዳ ውስጥ ይንኳኳ የነበረው ዕቃ ጸጥ አለ። አያ ፈንታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ምነው ልጄ? ልጅ ልትወስዱ ነው ወይስ ልትገላገሉ የመጣችሁት?»

አጎቴ ተነስተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ሰውየው ግን ቆመዋል።

«ቀጠሮውን ትቼዋለሁ። ሳይመሽባችሁ ቤታችሁ ግቡ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መመለሻ፣ ከሰዓት በኋላ

መንገዱ ያው ነው፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አያ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀጠሮ መስጠቱ እኮ እሺታ ነበር። የማይፈልግ ሰው እዚያው በር ላይ ይመልሰን ነበር።»

ጎንደር ልንገባ ስንል ደሳለኝ ደወለ። ስልኩን ለአጎቴ ዘረጋሁላቸው።

«አንተው ንገረው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እህሳ ወንድሜ፣ ምን አሉ?»

ተሰረዘ ልለው አልደፈርኩም። «ተራዘመ» አልኩት።

ሳቁ ሚኒባሱን ሞላው። «ከተራዘመማ ወደውኛል! በል፣ ለእማዬ ልንገራት» ብሎ ዘጋው።